የሐይቅ ብራናና የአምባሰል ቅኝት፦ የፈጠራ መነሻና የሙያ መንገድ በአርዲቦ ሐይቅ አካባቢ

አርዲቦና ሐይቅ በደቡብ ወሎ፣ ከደሴ ከተማ በስተሰሜን፣ በአጭር ርቀት ተራርቀው የሚገኙ ሁለት ሐይቆች ናቸው። አርዲቦ ከፍ ካለው ስፍራ ተቀምጧል፤ ትርፍ ውሃው በአንከርካ ወንዝ አልፎ ወደ ሐይቅ ይወርዳል። ሁለቱም በተራራ የተከበቡ ናቸው፤ በውበት አንዱን ከሌላው ማስበለጥም ያስቸግራል። በጽሑፍና በሥዕል ታሪክ ግን እኩል አይደሉም። የሐይቅ ስም ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ከመጻሕፍት፣ ከገዳምና ከቤተ መንግሥት ጋር ተያይዞ ይነሣል። አርዲቦ በአብዛኛው የሚነሣው በውሃና በመልክዓ ምድር ጥናት ነው።

ይህ ልዩነት ለአንድ የቆየ አስተሳሰብ ጥሩ መፈተኛ ይሆናል። በየዐውደ ርእዩ በሚታተሙ መግለጫዎች ሠዓሊው የፈጠራ መነሻውን “ከተወለደበት አካባቢ የተፈጥሮ ውበት” እንዳገኘ ማንበብ የተለመደ ነው። አባባሉ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ብዙ አያስረዳም። የተፈጥሮ ውበት ብቻውን ጥበብን የሚያፈልቅ ቢሆን ኖሮ አርዲቦም እንደ ጎረቤቱ የብራና ማዕከል በሆነ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል፤ የጥበብ ሰው በአንድ ስፍራ ምን ሲያገኝ ነው መነሻ ሐሳቡ ወደ ሥራ፣ ሥራውም ወደ ሙያ የሚለወጠው? ቀጥሎ የሚቀርቡት ሁለት የአካባቢው ቅርሶች፣ ማለትም የሐይቅ እስጢፋኖስ ብራናና የአምባሰል ቅኝት፣ ለዚህ ጥያቄ የተለያየ መልስ ይሰጣሉ። (ዘመናቱ “እ.ኤ.አ.” ካልተባለ በስተቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

የገዳሙ ብራና

አባ ኢየሱስ ሞዐ በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ዘንድ ተምረው ወደ ሐይቅ የመጡት በ13ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ነው። የታሪክ ተመራማሪው ታደሰ ታምራት ስለ ደብረ ሐይቅ አበምኔቶች ባሳተሙት ጥናት የገዳሙን ተከታታይ አስተዳደር ከ1248 እ.ኤ.አ. ይጀምራሉ። ኢየሱስ ሞዐ በጽሕፈት ሙያ የሠለጠኑ እንደ ነበሩ በትውፊት ይነገርላቸዋል። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት መምህር እንደ ነበሩም ይታወቃል፤ ስለዚህ ሐይቅ ከገዳምነቱ ባሻገር ደቀ መዛሙርት ከሩቅ የሚመጡበት ትምህርት ቤት ነበር።

የዚህ ትምህርት ቤት ዋናው ምስክር “የኢየሱስ ሞዐ ወንጌል” በመባል የሚታወቀው የብራና መጽሐፍ ነው። በ1280/81 እ.ኤ.አ. እንደ ተጻፈ ይታወቃል፤ የተጻፉበት ጊዜ በውል ከሚታወቅ ሥዕላዊ የኢትዮጵያ ብራናዎች መካከልም ከጥንታውያኑ አንዱ ነው። በውስጡ የወንጌላውያንና የቅዱሳን ሥዕሎች ይገኛሉ፤ ከነዚህም ጋር የራሳቸው የኢየሱስ ሞዐ ምስል ተሥሏል። ይህ የመጨረሻው በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው ነው። በጊዜው የነበረ ኢትዮጵያዊ መምህር ከቅዱሳን ተርታ ሲሣል ለሠዓሊው የተዘጋጀ አርአያ ነበረው ማለት ያስቸግራል። ለማቴዎስ ወይም ለማርቆስ የተወረሰ አሣሣል አለ፤ ለሐይቅ አበምኔት ግን ከዚያው ከተወረሰው ቅርጽ ውስጥ አዲስ ነገር ማውጣት ያስፈልጋል። በዚህ ገጽ የምናየው ፈጠራ ሕግን በማፍረስ ሳይሆን የሕጉን ዳር በመግፋት የተገኘ ነው።

ሌላም መታየት ያለበት ነገር አለ። ሠዓሊው በሐይቅ ዳር ተቀምጦ ሐይቁን አልሣለም። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል መልክዓ ምድርን ለብቻው ርእስ አያደርግም፤ ውሃና ተራራ ካለም ታሪኩን ለማገዝ ነው። እንግዲህ በዚህ ስፍራ የተፈጥሮ ውበት መነሻ ሆኗል ቢባል እንኳ በገጹ ላይ አይታይም። የሚታየው የመምህር እጅ፣ የተገለበጠ አብነትና ለሥራው የተሰጠ ጊዜ ነው።

ጊዜውን ማን ሰጠው የሚለው ጥያቄ ወደ ሙያው መሠረት ያደርሳል። ቆዳው ይነከራል፣ ይወጠራል፣ ይፋቃል፤ ቀለሙ ይበጠበጣል፣ ብርዑ ይቀረፃል። አንድ ትልቅ ወንጌል የብዙ ፍየሎች ቆዳና የቁም ጸሐፊውን የወራት ድካም ይጠይቃል። ይህን ሁሉ የሚሸከም ሰው መብላት አለበት። የሐይቅ አበምኔት “ዐቃቤ ሰዓት” በሚል ማዕርግ በቤተ መንግሥቱ ከፍተኛ ስፍራ ነበረው፤ ገዳሙም ርስትና ጉልት ነበረው። በዚያው በኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ክፍት ገጾች ላይ በየዘመኑ የመሬት ስጦታዎች መመዝገባቸው በአጋጣሚ የሆነ አይመስልም። ሥዕሉንና ሥዕሉን ያኖረውን መሬት አንድ ጥራዝ ይዟቸዋል። በአርዲቦ ዳር ያልነበረው ይህ ዓይነቱ ተቋም ነው።

ይሁንና ተቋሙ የሚያስከፍለው ዋጋ ነበር። መጽሐፉ የሚጠራው ባሠሩት መምህር ስም ነው፤ በሠዓሊው አይደለም። በመካከለኛው ዘመን ሠዓሊያን መካከል ስማቸው የደረሰን ጥቂቶች ናቸው። ከነሱም አንዱ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው መነኩሴ ፍሬ ጽዮን ነው፤ እሱም ቢሆን የታወቀው በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ በሚገኝ የእመቤታችን ሥዕል ላይ ስሙ ተጽፎ በመቆየቱ ነው። ዛሬ “የሙያ ስም” የምንለው ነገር ለሐይቁ ሠዓሊ ትርጉም ላይኖረው ይችላል። ቢሆንም ተመራማሪው ስም አልባነትን ከትሕትና ጋር ብቻ ማያያዝ አይገባውም፤ የአሠሪና የሠራተኛ ግንኙነትም መልክ ነውና።

የአምባሰል ቅኝት

ከሐይቅ በስተሰሜን ያለው የአምባሰል ተራራ ለኢትዮጵያ ሙዚቃ ስም አውርሷል። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች፣ ማለትም ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፣ ሁለቱ በወሎ የቦታ ስሞች ይጠራሉ። እዚህ ላይ አንድ ስሕተት መታረም አለበት። አምባሰል የተባለው ተራራው በድምፅ ስለ ተገለጠ አይደለም፤ የቅኝቶቹ ስሞች የተወሰዱት በየቅኝቱ ከሚዘፈኑት ታዋቂ ዜማዎች ነው። ቦታው ወደ ዘፈኑ ገባ፣ ዘፈኑም ስሙን ለቅኝቱ ሰጠ። በቦታውና በሙያው መካከል የቆመው የሰው ሥራ ነው።

የቅኝቱ አሠራር ይህንኑ ያጠናክራል። አምባሰል በ“ዶ” ቢጀመር አምስቱ ድምፆች ዶ፣ ረ ቢሞል፣ ፋ፣ ሶልና ላ ቢሞል ይሆናሉ። እነዚሁ አምስት ድምፆች ከ“ፋ” ተነሥተው ቢደረደሩ ግን ፋ፣ ሶል፣ ላ ቢሞል፣ ዶ፣ ረ ቢሞል የሚለውን፣ የዘመናችን ሙዚቀኞች “ትዝታ ማይነር” የሚሉትን ይሰጣሉ። ድምፆቹ አንድ ናቸው፤ የሚለየው ዜማው የሚያርፍበት ድምፅና ወደዚያ የሚመለስበት መንገድ ነው። ክራር መቃኘት የሚማር ወጣት ይህን ከሰንጠረዥ አይማረውም። ደጋግሞ እየሰማ፣ እየተሳሳተ፣ መምህሩ ዐይን ዐይኑን እያየው ይማረዋል። ቅኝትን እንደ ሙዚቃዊ “ቀመር” ብቻ የሚያቀርቡ ጽሑፎች የሚያጡት ይህን ነው።

በሙያ በኩል ደግሞ የአምባሰል ዘፋኝ ከሐይቁ ቁም ጸሐፊ በተቃራኒው ቆሟል። ስሙ ይጠራል። አዝማሪው በሠርግና በጠጅ ቤት ፊት ለፊት ከአድማጩ ጋር ይገናኛል፤ ግጥም ይቀበላል፣ ይመልሳል፣ ሽልማቱንም እዚያው ይወስዳል። ቦታውና ጊዜው ሲለወጥ የአሠሪው ማንነትም ተለወጠ። በደርግ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖች ሲቋቋሙ የወሎው ላሊበላ የኪነት ቡድን ለብዙ ድምፃውያን መውጫ መድረክ ሆነ። በአምባሰል አዘፋፈኗ ስሟ የገነነው ማሪቱ ለገሰ ከዚህ ቡድን ጋር ሠርታለች፤ በኋላም ረጅም ዘመን በአሜሪካ ኖራለች። ቡድኑ የጊዜውን መንግሥት መልእክት እንዲያሰማ የተቋቋመ ቢሆንም በጎን የሠራው ሥራ ከዓላማው በላይ ዕድሜ አግኝቷል፤ በየመንደሩ ተበትኖ የነበረውን አዘፋፈን ወደ ቴፕና ወደ ሬዲዮ አድርሶታል። ከዚያ ወዲህ “አምባሰል” የሚለውን ቃል የሚያውቀው ኢትዮጵያዊ ሁሉ ተራራውን አይቶ አይደለም።

በዚሁ አካባቢ የሙስሊሙ ማኅበረሰብ የመንዙማ ትውፊትም ሦስተኛ መንገድ ያሳያል። ታሪክ ተመራማሪው ሁሴን አሕመድ ስለ 19ኛው መቶ ዘመን የወሎ እስልምና ባቀረቡት ጥናት እንደ ጀማ ንጉሥ ያሉ የትምህርትና የዚያራ ማዕከላትን ታሪክ መርምረዋል። መንዙማ በአማርኛና በዐረብኛ የሚገጠም መንፈሳዊ ቅኔ ነው፤ አድማጩም ደጋፊውም ምእመኑ ነው። ከገዳሙ ብራናና ከአዝማሪው ግጥም ጋር አንድ ላይ ቢጠና ብዙ የሚያስተምር ይሆናል።

ወደ ብራናው የተመለሱት

ዘመናዊው የሥነ ጥበብ ትምህርት ሠዓሊውን ከገዳምም ከአዝማሪ ቤትም አውጥቶ በሦስተኛ ወገን እጅ ላይ ጣለው፤ ይኸውም የመንግሥት ስኮላርሺፕ፣ የኤምባሲ ዐውደ ርእይና የውጭ ገዢ ነው። አለ ፈለገ ሠላም የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ሲጀምር ብዙዎቹ የዘመኑ ሠዓሊያን በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ ሠልጥነው የተመለሱ ወይም ገና የሚመለሱ ነበሩ። የሚደንቀው፣ ከነዚህ ብዙዎቹ የራሳቸውን መንገድ ያገኙት ወደ ብራናው ሲመለሱ መሆኑ ነው።

አፈወርቅ ተክሌ ለማዕድን ምህንድስና ወደ እንግሊዝ ተልከው ወደ ሥዕል የዞሩ ናቸው። በ1954 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የመጀመሪያ የግል ዐውደ ርእያቸውን ካቀረቡ በኋላ እንደገና ወደ አውሮፓ ሄደው የኢትዮጵያን ሥዕላዊ ብራናዎች በብሪታንያ፣ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት አጥንተዋል። እስክንድር ቦጎሲያን በለንደንና በፓሪስ ከቆዩ በኋላ የክታብ ጽሕፈትና የብራና ምልክቶችን ከአፍሪካ ዘመናዊ ሥዕል ጋር አዋሕደዋል፤ በ1966 እ.ኤ.አ. ተመልሰው ያስተማሩበት አጭር ጊዜ በተማሪዎቻቸው ላይ የተወው አሻራ ትልቅ ነው። ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ፊደልን ራሱን የሥዕል አካል አድርጎታል። ዘሪሁን የትምጌታ የክታብን ሥዕል በቀርከሃ ንጣፍ ላይ አምጥቶ በ1992 እ.ኤ.አ. በዳካር ቢየናሌ ተሸልሟል።

ከነዚህ ጎን ቄስ አዳሙ ተስፋውን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በጎጃም የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የተማሩ፣ በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥተው ለሱቅ እየሣሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ሥራቸው በ2005 እ.ኤ.አ. በሎስ አንጀለስ ፋውለር ሙዚየም ለብቻው እስኪታይ ድረስ “ባህላዊ ሠዓሊ” ከሚለው ስም በላይ ያሰጣቸው ጥቂት ነበር። ከብራናው የተመለሰው ሰው “ዘመናዊ” ሲባል ከብራናው ያልወጣው “ባህላዊ” ይባላል። ልዩነቱ በሥራው ጥራት ብቻ ሊገለጽ አይችልም፤ ማን አስተማረ፣ ማን ገዛ፣ ማን ጻፈ የሚለውም ይወስነዋል።

የአፈወርቅ ጉዞ ሌላ ጥያቄም ያስነሣል። አንድ የአንኮበር ተወላጅ የሀገሩን ብራና ለማጥናት ለንደን መሄድ ከነበረበት፣ በሐይቅ ከተማ ወይም በአርዲቦ ዳር ያደገ የሥነ ጥበብ ተማሪ የኢየሱስ ሞዐን ወንጌል የት ያየዋል? ሐይቅ እስጢፋኖስ ጥንት ደሴት ነበር፤ ውሃው በመጉደሉ ዛሬ ከየብስ ተያይዟልና በእግር ይደረስበታል። ብራናው ግን በየዕለቱ የሚገለጥ አይደለም፤ አይገባምም። ከ1973 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተካሄደው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ መጽሐፉ በቁጥር 1832 ተመዝግቦ ተቀርጿል፤ የዚህ ሥራ ቅጂዎች በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚነሶታ በሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ነገር ግን ማይክሮፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። ለታሪክ ተመራማሪ ጽሑፉ ይበቃው ይሆናል፤ ለሠዓሊ ግን ቀለሙ ከሌለ ግማሹ ትምህርት የለም።

ጉዳዩ ለሴት ሠዓሊያን ከዚህም ይከብዳል። ወደ ገዳሙ ሴቶች አይገቡም፤ ሥርዓቱም የገዳሙ ነው፣ ይከበራል። ስለዚህ በአምባሰል ዘፈን ከማንም በፊት ስሟ ለሚነሣው ለወሎ ሴት፣ በትውልድ አካባቢዋ ካለው ቀዳሚ የሥዕል ቅርስ ጋር የሚያገናኛት ቅጂው ብቻ ይሆናል። በደሴ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ከገዳሙ አባቶች ጋር ተስማምቶ በባለሙያ የተነሣ ባለ ቀለም ቅጂ በሐይቅ ከተማ ለተመልካች ቢያኖር ወጪው ከአንድ ዐውደ ጥናት የሚበልጥ አይመስልም፤ መጀመሪያ መገለጥ የሚገባውም የአበምኔቱ ምስል ያለበት ገጽ ነው።