ቅደም ተከተሉን ያወቀ አይፈራም

ወዳጄ፣ እስቲ ዝቅ ብለህ የሞተርህን የፊት ሾክ እየው። የሚያብረቀርቀው ዘንግ ላይ አቧራ የያዘ የዘይት ክብ ካለ፣ ጣትህም ሲነካው ጥቁር ቅባት ይዞ ከተመለሰ፣ ኦይል ሲሉ፣ ማለትም ዘይቱን የሚያግደው ጎማ፣ አልቋል ማለት ነው። ምናልባት ካወቅከው ሰንብተሃል። “ክረምቱ ይለፍና”፣ “ብር ሲገኝ” እያልክ አሳድረኸው ይሆናል። እኔ ግን ይህ ሥራ በራስህ ደጃፍ፣ በራስህ እጅ እንደሚሠራ ልነግርህ ነው።

አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ልዩ ፈቃድ የሌላቸውን ሞተሮች ስታግድ፣ ብዙ የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ባለሞተር የተበላሸ ሞተሩን እየነዳ ወደ መሃል ከተማ ጋራዥ መሄዱ ቀረበት። ሲል ግን ኪስ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ነው። በታክሲ መርካቶ ደርሶ ይዞት መመለስ ይቻላል። ሲሉ ላይ የታተሙትን ሦስት ቁጥሮች ብቻ ጽፈህ ያዝ፤ የውስጡ ስፋት፣ የውጭው ስፋትና ውፍረቱ ናቸው። ደግሞ የግራውንም የቀኙንም ግዛ። አንዱ ካለቀ ሌላውም ተራውን እየጠበቀ ነው።

የሚያስፈራህ ውስጡን ስለማታውቀው ነው። ዘይት ያለበት የፊት ሾክ ለገበያ በወጡ ሞተሮች ላይ መገጠም የጀመረው በ1935 እ.ኤ.አ. በጀርመኑ ቢኤምደብሊው ነው። ዛሬም በአብዛኞቹ የሥራ ሞተሮች ላይ ያለው አሠራር ከዚያ ብዙም አልራቀም። ዘንግ፣ ዘንጉ የሚገባበት የአሉሚኒየም ቱቦ፣ ሞላ፣ ዘይት፣ ዘይቱን የሚያግድ ሲል። በቃ! የኮብልስቶኑ ንዝረት ዘንጉን ቀኑን ሙሉ ያመላልሰዋል፤ የደረቀ ጭቃ ደግሞ አብሮ እየገባ የሲሉን ከንፈር ይበላዋል። ዘይቱም መንገድ ያገኛል።

አንደኛው ትምህርት ቅደም ተከተል ነው። ሾኩን ከማውጣትህ በፊት የላይኛውን ማሰሪያ አላልተህ ክዳኑን ጥቂት ፍታው። ከወጣ በኋላ እጅህ ላይ እየተሽከረከረ ያደክምሃል። ከታች ያለውን የአለንኪ ብሎንም ሞላው ገና ውስጡ ሳለ አላላው። ሞላውን ቀድመህ ካወጣኸው የውስጡ ዘንግ ከብሎኑ ጋር አብሮ ይዞራል፣ አንተም ከፀሐይ ጋር አብረህ ትዞራለህ። ሥራው ያው፣ መፍቻው ያው፤ የተለየው የቱ እንደሚቀድም ማወቁ ነው። ቀነኒሳ በቀለ የልምምድ ማዕከል በሠራባት በሱሉልታ ማለዳ የሚሮጡትን አትሌቶች እያቸው፤ ሰውነታቸው ሳይሟሟቅ ፍጥነት አይጨምሩም። ጉልበት የሚያዋጣው በተራው ሲመጣ ነው። ክዳኑን ጨርሰህ ስትፈታ ግን ፊትህን ከላዩ አርቅ፤ ሞላው ተጭኖ ስለሚቀመጥ ሊወረወር ይችላል።

ሁለተኛው “ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ” ነው። አሮጌውን ሲል አውጥተህ አዲሱን ለመክተት አትቸኩል። ዘንጉን በጨርቅ አጽዳና በጥፍርህ ከላይ እስከ ታች ዳብሰው። ጥፍርህን የሚይዝ ቦታ ካለ ጥፋተኛው እሱ ነው። ትንሽ ጭረት ከሆነ ዘይት በነካው ስስ የብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው። ጥልቅ ዝገት ከሆነ ወይም ዘንጉ ከታጠፈ ግን ዘንጉ ራሱ ይቀየራል። ያንን ዘለህ የምትገጥመው አዲስ ሲል ብዙም ሳይቆይ ያፈሳል። ስንቶቻችን ነን የሚያፈሰውን እየቀየርን የሚያስፈስሰውን የምንተወው?

ሦስተኛው ልስላሴ ነው። ዘንጉን ወደ ቱቦው መልሰህ የታችኛውን ብሎን ከመዳብ ሮንዴላው ጋር እሰር። ከዚያ የዘንጉን ጫፍ በፌስታል ሸፍን፣ የሲሉን ከንፈር ዘይት ቀባ፣ ጽሑፉን ወደ ላይ አድርገህ ቀስ ብለህ አውርደው። አሁን አሮጌውን ሲል በቢላ ሰንጥቀህ ከላዩ ደርብና በልኩ በተቆረጠ የፕላስቲክ ቱቦ ዙሪያውን እኩል እየመታህ አስገባው። የሽቦ ቀለበቱ የሚቀመጥበት ቦይ ሙሉ በሙሉ ሲታይህ አቁም። ያረጀው አዲሱን ቦታ አስይዞ ይወጣል። ቀለበቱንና የአቧራ ጎማውን መልስ። የሾክ ዘይቱን በአምራቹ መመሪያ መጠን በሲሪንጅ ለክተህ ለሁለቱም እግር እኩል ሙላ፤ አየሩ እስኪወጣ ዘንጉን ከፍ ዝቅ አድርገው። ከዚያ ሞላውን መልሰህ ክዳኑን እሰር፤ ሾኩንም ቦታው ላይ ግጠም።

ከመንዳትህ በፊት ያሰርከውን ሁሉ ዳግም ፈትሽ። የፊት ፍሬንህ ሸራ ዘይት ከጠጣ ቀይረው፤ በሱ ላይ መቆጠብ ሕይወትን ማስያዝ ነው። ፍሬኑን ይዘህ መሪውን ደጋግመህ ተጫነው፣ ከዚያ በሰፈር ውስጥ ቀስ ብለህ ሞክረው። ያወጣኸውን ዘይትም ቦይ ውስጥ አትድፋ። የቡራዩ ሰው እንደሚያውቀው ገፈርሳ የሚጠራቀመው ውሃ አዲስ አበባ የምትጠጣው ነው። በጀሪካን አጠራቅመህ ለጋራዥ ስጥ። እምቢ ያለ ብሎን ሲገጥምህ ደግሞ መካኒክ ጥራ፤ ባለሙያ መጠየቅ የሥራው አካል እንጂ ሽንፈት አይደለም።

እህቴ፣ ሞተር ባይኖርሽም ነገሩ ያንቺም ነው። “ከባድ ነው” ብለን የምንተወው አብዛኛው ሥራ፣ ተራውን ያላወቅነው ቀላል ሥራ ክምር ነው። የምትከፍቱት ሱቅ፣ የምትማሩት ኮምፒዩተር፣ ዓመት ሙሉ ያሳደራችሁት ማመልከቻ፣ ሁሉም የሚቀድምና የሚከተል አላቸው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ የፈራችሁትን አንድ ሥራ ወረቀት ላይ አስፍሩ። ከሥሩ የመጀመሪያውን ብሎን፣ ቀጥሎ የሚፈታውን፣ መጨረሻ የሚታሰረውን ጻፉ። የማታውቁትን የሚያውቅ ሰው ጠይቁና ሙሉት። ነገ ጠዋት ሁሉንም አትሥሩ፤ የመጀመሪያውን ብቻ ፍቱ።