ላሜራዋን አትጠቢያት

ልጄ፣ የላክሽልኝን ፎቶ መነጽር ቀይሬ ደጋግሜ አየሁት። ክንድ የምታህል የአውሮፕላን ላሜራ፣ ጠርዟ የተቀደደ፣ የሪቬት መስመሯ ግን ዛሬም እንደ ክር ቀጥ ያለ፣ ጥጓ ላይ የቀለም ርዝራዥ የቀረ። ከሥሩ “አጥቤ ወልውዬ ሳሎን ልስቀላት?” ብለሽ ጽፈሻል። “አንተ” ብለሽ መጠየቅሽም አልከፋኝም፤ ድሬ ዳዋ ላይ አንቱታ ብርቅ ነው። አየር ኃይል ቤት ላሜራ ስቆርጥና ስጠግን ያረጀሁ ሰው ነኝና የማውቀውን ልንገርሽ።

1. አትጠቢያት። ወጣት ሳለሁ ከወደቀ አውሮፕላን የመጣ አንድ ትንሽ ክዳን እጄ ገባ። አለቃዬን ላስደስት ብዬ በቤንዚንና በሽቦ ብሩሽ መስታወት እስኪመስል ፈተግሁት። ውስጡ ላይ የእርሳስ ጽሕፈት ነበር፤ ያየሁት ግማሹ ከጠፋ በኋላ ነው። አንድ መካኒክ ቀኑንና የስሙን መነሻ ፊደል ጽፎ ነበር፣ በአማርኛ። ቀኑ ጠፋ፤ “ተ” ብቻ ቀረች። ተስፋዬ ይሁን ተክሉ ከዚያ ወዲህ የሚነግረኝ አላገኘሁም። አፈር ቢበዛባት በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ እፍ እያልሽ አራግፊላት። ብርጭቆ ወረቀት፣ ሳሙና፣ የመኪና እጥበት ቤት ውኃ ደጇ አይድረስ። ቀለሙ ራሱ ሰነድ ነው፤ ከላዩ ሌላ ቀለም፣ ከሥሩ ሌላ ቀለም ሲገኝ አውሮፕላኑ ስንት ጊዜ እንደተቀባ ይነግርሻል።

2. ያነሳሽበትን ቦታ ዛሬ ማታ ጻፊ፤ ነገ አትዪ። የትኛው ዛፍ፣ የትኛው ደረቅ ወንዝ፣ ከመንገዱ ስንት እርምጃ፣ ላሜራዋ በደረቷ ነው የተኛችው ወይስ በጀርባዋ። ሌላ ቁራጭ ካለ ሳትነኪ ከራቅ ብለሽ ከነአካባቢው ፎቶ አንሺ። ለምን መሰለሽ? መጋቢት 6 ቀን 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ 3ኛ ስኳድሮን ሃሪኬን ተዋጊ አውሮፕላኖች የጣሊያንን የድሬ ዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ሲመቱ፣ የሻምበል ጆን ፍሮስት አውሮፕላን ተመታበትና አቅራቢያ ባለ ረዳት ሜዳ ላይ በግድ አሳረፈው። ጠላት እጅ እንዳይገባም ራሱ አቃጠለው። ጓደኛው መቶ አለቃ ቦብ ከርሾው እሳት እየተተኮሰበት አጠገቡ አርፎ፣ አንድ ወንበር ብቻ ባላት ሃሪኬን ፍሮስትን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ተነሣ። አንዱ መሪውን ይዞ፣ ሌላው ጎማውን አጥፎ ሁለቱም በሰላም ገቡ። ድሬ ከጣሊያን እጅ የወጣችው ከዚያ በ14ኛው ቀን ነው። ሃሪኬን የኋላ አካሉ የብረት ቱቦ፣ እንጨትና ጨርቅ ስለሆነ ከእሳት የሚተርፈው ሞተሩና ቱቦው ነው። እንዲህ ያለ ቱቦ ማስታወሻ ሳይያዝለት ከሜዳ ከተነሣ አጥር ወይም የአህያ ጋሪ ሆኖ ይቀራል። ከነቦታው ሲመዘገብ ግን የዚያን ቀን ይመሰክራል። ፍሮስት ራሱ በ1934 ሊቢያ በረሃ ላይ ወድቆ እስከ ዛሬ እሱም አውሮፕላኑም አልተገኙም።

3. ሁሉም ብረት አልሞተም። የጄት አብራሪ ወንበር ሥር አብራሪውን የሚያስወነጭፍ ባሩድ አለ፤ ዓመታት ቢያልፉም አደገኛነቱ አይጠፋም። የመድፍ ጥይት፣ የኦክስጅን ጋን፣ በጨለማ እንዲያበሩ ራዲየም የተቀባ የድሮ ሰዓቶች፣ እነዚህን ካየሽ ወደ ኋላ ተመለሽና ለፖሊስ ንገሪ። አጥንት ካየሽ ደግሞ ፎቶም አታንሺ። የሰው ልጅ ነው።

4. “የጠላት ነው” ለማለት አትቸኩዪ። ነሐሴ 1969 የሶማሊያ ጦር ድሬን ሊይዝ ሲመጣ በሰማይ የተፋለሙት የእኛ ኤፍ-5 ጄቶችና የእነሱ ሶቪየት ሠራሽ ሚጎች ነበሩ። ስለዚህ የሩሲያ ፊደል ያየ ሁሉ “የሶማሊያ ሚግ” ይላል። ከ1970 ወዲህ ግን እኛም ሚግ አበረርን። ፊደሉ የሠራውን አገር እንጂ ያበረረውን ሰው አይናገርም። የሚለየው የቀለሙ ርዝራዥ፣ የተለጠፈች ትንሽ ሳህን፣ የተመታ ተከታታይ ቁጥር ነው። ቁጥሩን እርሳስና ስስ ወረቀት ይዘሽ በስሱ ጥላ አውጪለት፤ አትፋቂው።

5. ፕላስቲክ አታልብሻት። ፕላስቲክ ሌሊት ያልባል፤ አልሙኒየሙ ላይ የተመታ የብረት ብሎን ካለ ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ አልሙኒየሙን ነጭ ዱቄት አድርጎ ይበላዋል። ከመሬት በእንጨት ከፍ አድርገሽ በአቡጀዲ ሸፍኛት። የድሬ ደረቅ አየር ግማሹን ሥራ ይሠራልሻል፤ ይህ ሙቀት አንድ ቀን እንኳ ይጥቀመን እንጂ። ጣሪያ ምን እንደሚሠራ “ፀሐይ” የተባለችውን አውሮፕላን ተመልከቺ፦ ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ጋር አዲስ አበባ ላይ የሠራት፣ በ1928 የበረረች፣ በንጉሡ ልጅ ስም የተጠራች። ጣሊያን ወስዷት ሮም አጠገብ ቪኛ ዲ ቫሌ ሙዚየም ስትኖር ቆይታ ጥር 2016 ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰች። ዘረፋው ዘረፋ ነው፤ ግን ከጣሪያ ሥር ስለነበረች ሙሉ ሆና መጣች።

6. አዲስ አታድርጊያት። የቀረውን ማቆየት ሌላ፣ የጎደለውን ሠርቶ ማብረር ሌላ ነው። ካናዳ በ1940ዎቹ ለእኛ የሸጠቻቸውን ፋየርፍላይ አውሮፕላኖች ጥለናቸው ቆይተን፣ በ1980ዎቹ መጥተው ሁለቱን ለሙዚየሞቻቸው ወሰዱ። አልተቆጣሁም፤ አፈርሁ እንጂ። እነሱ ሞተር ሊያስነሡ ዓመታት ይደክማሉ፤ ገንዘብም መለዋወጫም አላቸው። አንቺ ያለሽ አንድ ላሜራ ነው። የተቀደደው ጠርዟ ነው ታሪኳ፤ ቀጥ አድርገሽ ብትቀጠቅጪው ተራ የበር ክዳን ትሆናለች።

7. ሕጉን እወቂ፣ ከቁራሌው ቅደሚ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቁፋሮ፣ በግንባታ ወይም በመሰል ሥራ ድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅና ባለበት እንዲጠብቅ ያዛል። ጦርነት የጣለውን አውሮፕላን እኔ ከቅርስ ለይቼ አላየውም። የከተማው ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ሄደሽ በጽሑፍ አስመዝግቢ፤ ቅጂውን ማህተም ሳታስመቺ አትውጪ። የሚያስቸግርሽ ሌባ እንዳይመስልሽ፤ ላሜራ በኪሎ የሚገዛው ነው። የወደቀ ጄት በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀፊራ ገበያ ድስት ሆኖ ይሸጣል። እናትሽ ወጥ የምትሠራበት ድስት ክንፍ እንዳልነበረ በምን ታውቂያለሽ?

8. ሰዎቹን አስቀድሚ። በ1969 ከድሬ አውሮፕላን ማረፊያ የተነሡትን አብራሪዎች ያየ፣ ጎማ የቀየረ፣ ቦምብ የጫነ ሰው ዛሬ ሰባ ተጠግቷል ወይም አልፎታል። አብራሪው ለገሰ ተፈራ ተመትተው ወድቀው ሶማሊያ ውስጥ 11 ዓመት ታስረዋል። የእሳቸውን ስም ሁሉ ያውቀዋል፤ አውሮፕላናቸውን ያዘጋጀውን ቴክኒሻን ግን ማንም አልጠየቀውም። ስልክሽን አስቀምጪና ድምፅ ቅጂ። ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር ቁጭ የሚሉ ሁለት ሦስት አሉ፤ ሻይ ግዢላቸው፣ ስማቸውን እኔ እነግርሻለሁ።

ቅዳሜ ፀሐይ ሳትበረታ እመጣለሁና ያነሳሽበትን ቦታ አብረን እናየዋለን። እስከዚያ ላሜራዋን እንጨት ላይ አስቀምጫት፤ ወንድምሽ የገዛውን የሽቦ ብሩሽም ደብቂው።