ለሠፈራ እርሻ የሚስማማውን የትራክተር ማረሻ ስለመምረጥ

በድርቅ ተጎድቶ ከቀየው የተነሣ ገበሬ በአዲስ ሥፍራ ሲሠፍር ተስፋው ሁሉ በመጀመሪያው ክረምት ላይ ነው። ያ ክረምት ሳይዘራ ካለፈ የእርዳታ እህል የሚጠብቅበት ጊዜ በአንድ ዓመት ይራዘማል። በመሆኑም ለሠፈራ መሬት ትራክተር ሲመደብ ከኋላው የሚጎተተው መሣሪያ ምን ዓይነት እንደሆነ አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል።

ለዚህ የመተከል ሁኔታ ጥሩ አብነት ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ምክንያት ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች የተነሡ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖች በበለስ ሸለቆ በፓዌ ዙሪያ ሠፍረዋል። ሥፍራው ዝናብ የማያጣው ቆላ ሲሆን መሬቱ ረጅም ሣር፣ ቀርከሃና ቁጥቋጦ የለበሰ ነበር። አፈሩም በከፊል ዋልካ፣ በከፊል ቀይ ነው። ሠፋሪው በትውልድ አገሩ የሚያውቀው የበሬ ማረሻ አፈሩን ሰንጥቆ የሚያልፍ እንጂ የሚገለብጥ ባለመሆኑ ሦስት አራት ጊዜ መደጋገምን ይጠይቃል። የገንዲ በሽታ በሬ በሚፈጅበት ቆላ ይህ እጅግ አዳጋች በመሆኑ እርሻው በአመዛኙ በትራክተር ላይ ተመሠረተ።

እንዲህ ባለ አዲስ መሬት ላይ ቅድሚያ የሚሰጠው የዲስክ ማረሻ ነው። ክብ ዲስኮቹ ስለሚሽከረከሩ ሥርና ድንጋይ ሲያጋጥማቸው ተንከባለው ያልፋሉ። ባለ ክንፉ ገልባጭ ማረሻ በአንጻሩ አረምን ከዲስኩ በተሻለ ይቀብራል፤ ነገር ግን ጉቶ ሲያገኘው ይጣመማል ወይም ይሰበራል፤ በእርጥብ ዋልካ ላይም ጭቃው ክንፉ ላይ እየተለጠፈ አፈሩን በሚገባ አይገለብጥም። ስለዚህ መሬቱ ተመንጥሮ እስኪጸዳ ድረስ ቢቆይ ይመረጣል። እርግጥ ዲስኩም ቢሆን ጉቶን አይነቅልም። የቀርከሃ ሥር በዶማ ወይም በዶዘር አስቀድሞ መውጣት አለበት። ከ65 እስከ 75 የፈረስ ጉልበት ላለው ትራክተር በከባድ አፈር ላይ ሦስት ዲስክ ይበቃዋል። አራተኛ መጨመር ጎማው በቦታው እንዲሽከረከርና ነዳጅ እንዲባክን ከማድረግ በቀር ጥቅም የለውም።

ብዙ ስሕተት የሚፈጸመው በዲስክ መከስከሻው አጠቃቀም ላይ ነው። መከስከሻው ሰፊ በመሆኑ በአንድ ቀን ብዙ ሄክታር ይሸፍናል፤ ሥራው በሄክታር ቁጥር የሚመዘንበት ነጂም ቢወደው አያስደንቅም። ይሁን እንጂ ሰርዶ በያዘው መሬት ላይ ማረሻ ሳይቀድመው መከስከሻ ብቻ ቢገባ ሰርዶውን እየቆራረጠ ይበትነዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ከእያንዳንዱ ቁራጭ አንጓ አዲስ ሰርዶ ይበቅላል። ማሳው ለጥቂት ቀናት የታረሰ ይመስላል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ከቀድሞው የባሰ አረም ይለብሳል። ትክክለኛው አሠራር በበጋ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ጠለቅ አድርጎ አርሶ ሥሩን ለፀሐይ ማጋለጥ፣ ዝናብ ሲጥል ደግሞ መከስከስ ነው።

መከስከስም ልክ አለው። ጤፍ የላመ አፈር ይፈልጋል። በቆሎና ማሽላ ግን ጓሉ መካከለኛ ሆኖ ቢቀርም ይበቅላሉ። አፈሩ እንደ ዱቄት እስኪደቅ የተከሰከሰ ተዳፋት መሬት በመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ይታጠባል፤ የተረፈውም ገጽታው ጠጥሮ ቡቃያውን ያፍናል። በተዳፋት ላይ ሽቅብና ቁልቁል ሳይሆን አግድም መታረስ አለበት።

ዋልካ አፈር የሚታረስበት ጊዜ አጭር ነው። ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፣ ሲረጥብ ይለጠፋል። ነጂው ከመግባቱ በፊት ከአሥር ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አንድ ጭብጥ አፈር አውጥቶ ይጨብጥ። የተጨበጠው አፈር ሲጣል ከተፈረካከሰ ይታረሳል። ጣት ላይ ከተለጠፈ ይቆይ፤ በእርጥብ ዋልካ ላይ የሚመላለስ ትራክተር ከሥር ያለውን አፈር ደፍጥጦ ውኃ የማያሳልፍ ንጣፍ ይፈጥራልና። እንዲህ ያለው ንጣፍ አንዴ ከተፈጠረ የሚሰብረው በደረቅ ወቅት የሚገባ ጥርሳም ማረሻ ነው፤ እርሱ ደግሞ ከተራው ማረሻ የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል።

ሌላም ጉዳይ አለ። በመተከል የጣና በለስ ፕሮጀክት ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ጋር ሲቋረጥ የትራክተር አገልግሎቱ አብሮ ቀረ፤ በሬ ያልነበረው ሠፋሪም ዶማውን አነሣ። መሣሪያ መራጩ እንግዲህ በሚቀጥለው ዓመት ማን እንደሚጎትተው፣ የዲስኩ ኩሽኔታ ሲያልቅ ከየት እንደሚገኝ፣ ግራሶ ማን እንደሚያጠጣው አስቀድሞ ይጠይቃል። ሥራ ሲያበቃ ዲስኮቹ ጭቃቸው ተጠርጎ የተቃጠለ ዘይት ይቀባሉ፤ መሣሪያውም ከመሬት ከፍ ብሎ በጣውላ ላይ ይቀመጣል።