የብላክ ከረንት ምርት ከወላጅ ወደ ልጅ እንዴት ይተላለፋል?



በትምህርት ቤት የተማርነው ውርስ የሜንዴል አተር ነው፤ ረጅም ወይም አጭር፣ በቃ። ዝርያ የሚያሻሽሉ ሰዎች ግን የሚገጥማቸው ከዚህ የከበደ ነው። ብላክ ከረንትን እንመልከት። በቀዝቃዛው ሰሜን አውሮፓ የሚለማ ቁጥቋጦ ሲሆን ጥቁር ፍሬው ለጭማቂ ይውላል።

አንዳንዱ ባሕርይው እንደ አተሩ ቀላል ነው። ቡቃያውን የሚያሳብጥ በጣም ደቃቅ ተባይ አለ። ይህን ተባይ መቋቋሚያ አንድ ጂን (የባዮሎጂውን ማለታችን ነው!) ጉስቤሪ ከተባለ ዘመዱ በማዳቀል ተወስዷል። ጂኑን ከአንድ ወላጁ ብቻ የወረሰ ተክል ከሌለው ጋር ሲዳቀል፣ ከልጆቹ ግማሽ ያህሉ ተባዩን ይቋቋማሉ።

ምርት ግን አንድ ባሕርይ አይደለም። የቅርንጫፉ ብዛት፣ በዘለላው ላይ ያለው አበባ፣ ከአበባው ፍሬ የያዘው፣ የእያንዳንዱ ፍሬ ክብደት እርስ በርስ ተባዝተው የሚሰጡት ውጤት ነው። እያንዳንዱን ደግሞ ብዙ ጂኖች በጥቂት በጥቂቱ ይወስኑታል። በዚህ ላይ አፈሩና ውርጩ ይጨመራል። ለኢንጂነሪንግ ተማሪ ነገሩ ሲግናልና ኖይዝ ነው፤ የምንለካው ሁለቱን በአንድ ላይ ነው። አበባው ላይ የወረደ የአንድ ሌሊት ውርጭ ግሩም የሆነውን ተክል ሰነፍ ያስመስለዋል። ስለዚህ ወላጅን በራሱ ፍሬ ብቻ መመዘን ያሳስታል። አንዱን ተክል ከብዙዎች ጋር አዳቅሎ የልጆቹን አማካይ ማየት ይሻላል። ሁለት ምርጥ ወላጆች ተራ ልጆች ሊሰጡ ይችላሉና።

ብላክ ከረንት ግን አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ከቅርንጫፉ ተቆርጦ ሲተከል ይጸድቃል። ከብዙ ችግኞች መካከል አንዱ ብቻ ድንቅ ሆኖ ከተገኘ፣ በዘር ቢራባ የሚበታተነው የጂን ጥምረቱ ሳይነካ ይባዛል። ለእኛ ከሁሉ የሚገርመን ይህ ነው፤ ብዙኃኑን ማስተካከል አይጠበቅባቸውም፣ አንዱን ማግኘት ይበቃቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1975 በስኮትላንድ የወጣው ቤን ሎሞንድ የተባለው ዝርያ ዘግይቶ በማበብ ከጸደይ ውርጭ ያመልጣል። ይህን ባሕርይ የወረሰው ከስካንዲኔቪያ ወገን ከሆኑ ወላጆቹ ነው። ዛሬ ደግሞ ችግሩ ተገልብጧል። ቁጥቋጦው እኩል እንዲያቆጠቁጥ ረጅም ብርድ ይፈልጋል፤ የብርዱ ወራት ግን እየሞቁ ነው። አነስተኛ ብርድ የሚበቃቸውን ወላጆች ዛሬ መምረጥ የግድ ሆኗል፤ አንድ ችግኝ በደንብ አፍርቶ እስኪመዘን ዓመታት ይፈጃልና።