ልጆቻችን በዚህ ወሰነ ትምህርት ምን እየተማሩ ነው?

ፊደል ለይታችሁ ማንበብ ከጀመራችሁ ወዲህ ብዙ ጽሑፍ በእጃችሁ ገብቷል። ደረሰኝ ታነባላችሁ። የቀበሌ ማስታወቂያ ታነባላችሁ። የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ያለውን ቁጥር ታነባላችሁ። ዛሬ ደግሞ እዚያው እቤታችሁ ያለ፣ ብዙ ወላጅ ግን የማይከፍተውን ጽሑፍ እናጥና። እሱም የልጃችሁ ደብተር ነው።

የትምህርት ዘመኑ በሁለት ወሰነ ትምህርት ይከፈላል። የመጀመሪያው ከመስከረም እስከ ጥር ነው። ይህ ጊዜ ከአጨዳና ከውቂያ ጋር ይገጥማል። በኅዳርና በታኅሣሥ ብዙ ልጆች ከክፍል ይጠፋሉ። አንዱ ከብት ይጠብቃል፣ አንዷ ውኃ ትቀዳለች፣ ሌላው ነዶ ይሸከማል። ወላጅም «አንድ ሳምንት ቢቀር ምን ይጎዳዋል?» ይላል። ለዚህ ጥያቄ መልስ የምናገኘው ልጆቹ የሚማሩትን ስናውቅ ነው።

1. ፊደልና ንባብ

የ1ኛ ክፍል ልጆች ፊደል እየተማሩ ነው። በተለመደው የፊደል ገበታ ላይ 33 ፊደላት አሉ። እያንዳንዱ 7 መልክ አለው። 33 በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን አይያዝም፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይጨመራል እንጂ።

ልጁ መልኮቹን የሚለየው በምልክታቸው ነው። «በ» ን እንመልከት። በቀኝ ጎኑ መካከል ምልክት ሲወጣለት «ቡ» ይሆናል። ምልክቱ ከቀኝ እግሩ ሥር ሲሆን «ቢ» ይሆናል። ከእግሩ ሥር ቀለበት ሲገባለት «ቤ» ይሆናል። ይህን የተረዳ ልጅ «ተ» ን ሲያይ «ቱ፣ ቲ፣ ቴ» ን ራሱ ያገኛቸዋል። ያን ቀን ከክፍል የቀረ ልጅ ግን እያንዳንዱን ፊደል እንደ አዲስ ሊሸመድድ ነው።

አንዳንድ ልጅ ፊደሉን እንደ ዜማ በቃሉ ይወርደዋል፤ ለብቻው ሲያሳዩት ግን አያውቀውም። ስለዚህ እቤት ስትጠይቁት በተርታ አትጠይቁት። ስንደዶ ይዛችሁ አንዴ ከታች፣ አንዴ ከመሐል ጠቁሙት።

ሌላም ነገር አለ። አማርኛችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ በጽሑፍ አይለይም። «ማን ምን አለ?» ስንል «አለ» የሚለው ቃል ይላላል። «እቤት ማን አለ?» ስንል ግን ይጠብቃል። ጽሑፉ አንድ ነው፣ ትርጉሙ ሁለት። ስለዚህ ልጁ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ አንብቦ እንዲረዳ ጠይቁት።

2. ሒሳብ

ከ1ኛ ክፍል ያለፉት ልጆች ባለሁለት አኃዝ ቁጥሮችን መቀነስ ይማራሉ። አንድ ምሳሌ እንሥራ።

አንድ ገበሬ ከሱቅ የ52 ብር ጨውና ሳሙና በዱቤ ወሰደ። 17 ብር ከፈለ። ስንት ብር ዕዳ ቀረበት?

52 ሲቀነስ 17 ማለት ነው። ከአንድ ቤት እንነሣ። ከ2 ላይ 7 አይቀነስም፤ አይበቃም። ስለዚህ 2 ከጎረቤቱ ከአሥር ቤት አንድ አሥር ይበደራል። 2 የነበረው 12 ይሆናል። 12 ሲቀነስ 7፣ 5 ነው። አሥር ቤት 5 ነበረ፤ አንድ ስላበደረ 4 ቀረ። 4 ሲቀነስ 1፣ 3 ነው። መልሱ 35 ብር ነው።

መበደርን በሚማሩበት ቀን የቀረ ልጅ ምን ያደርጋል? ትንሹን ከትልቁ ይቀንሳል። 7 ሲቀነስ 2፣ 5፤ 5 ሲቀነስ 1፣ 4፤ ስለዚህ «45 ነው» ይላል። ባለሱቁ አውቆም ሆነ ተሳስቶ «45 ብር ይቀርብሃል» ቢለው፣ ልጁ «ልክ ነው» ብሎ ይመሰክራል። 10 ብር እንዲያው ሄደ! ዕዳው በመቶ የሚቆጠር ቢሆን ደግሞ ጉዳቱ እንደዚያው ይበዛል።

ሒሳብ እንደ እርሻ ነው። ገመሳውን ዘሎ ዘር የሚዘራ ገበሬ የለም። ልጁም መበደርን ዘሎ የመቶና የሺህ ሒሳብ ላይ ሲደርስ ግራ ይገባዋል። «ትምህርት አይገባኝም» ብሎ የሚያቋርጠው ያኔ ነው። ልጁ ሰነፍ ሆኖ ላይሆን ይችላል፤ ያመለጠው አንድ ትምህርት ነው።

3. የአካባቢ ሳይንስ

በዚህ ትምህርት ልጆች ስለ ሰውነታቸው፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ተክልና ስለ እንስሳት ይማራሉ። ንጹሕ የሚመስል የምንጭ ውኃ በዓይን የማይታዩ ጀርሞች ሊኖሩበት እንደሚችል ይነገራቸዋል። ውኃው ሲፈላ ጀርሞቹ ይሞታሉ። ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃል። ከፍታው ከ2000 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ አገር ግን ውኃ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ 3 ደቂቃ ያስፈልጋል። ከመጸዳጃ ቤት መልስና ምግብ ከመንካት በፊት እጅን በሳሙና መታጠብም ይማራሉ።

ልጅቷ እቤት መጥታ «እማዬ፣ ውኃው ይፍላ» ብትል «አንቺ ደግሞ ልታስተምሪኝ ነው?» ብላችሁ አትቆጧት። የተማረችው ለፈተና ብቻ አይደለም፤ ለታናሽ ወንድሟ ጤና ጭምር ነው።

4. ወላጅ ምን ያድርግ?

አንዳንድ ሰው «የዛሬ ትምህርት እኛ ከምናውቀው በላይ ነው» ይላል። ይህ ሰበብ አይሆንም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቅዷል። ልጁ የሚማረው እቤት በምንነጋገርበት ቋንቋ ከሆነ ደብተሩን ማንበብ ያቅተን ይሆን? አያቅተንም። ስለዚህ፦

ሀ. ማታ ማታ ደብተሩን ክፈቱ። የዛሬው ቀን ተጽፎበታል? መምህሩ በቀይ ያረመው የት ላይ ነው? ልጁ እንዲያስረዳችሁ ጠይቁት።

ለ. የአጨዳውን ሥራ በትምህርቱ ሰዓት ልክ አመቻቹ። ትምህርት ቤቱ በፈረቃ የሚያስተምር ከሆነ ልጁ ከብት የሚጠብቀው በሌላው ፈረቃ ይሁን። ጎረቤታሞች ተራ ገብታችሁ ብታስጠብቁ ደግሞ የአንድም ልጅ ትምህርት አይጓደልም።

ሐ. ሴት ልጅን አትርሱ። ወንድሟ ደብተር ይዞ ሲቀመጥ እሷ እንስራ ተሸክማ ከሄደች ሁለቱ እኩል ሊማሩ አይችሉም። ሥራውን ለሁለቱም አካፍሉ።

መ. የግድ የሚያስቀር ነገር ከመጣ አስቀድማችሁ ለመምህሩ ንገሩ። ያመለጠውን ትምህርት በዚያው ቀን ማታ ከጎረቤት ልጅ ደብተር ይገልብጥ።

መልመጃ

1. አንድ ገበሬ 61 ኪሎ ስንዴ አለው። 24 ኪሎ ለዘር አስቀመጠ። ስንት ኪሎ ቀረው? ከልጃችሁ ጋር ሥሩት። መልሳችሁ 43 ከሆነ መበደሩን ረስታችኋል፤ እንደገና ሞክሩ።

2. «ገና» የሚለውን ቃል አንዴ አጥብቃችሁ፣ አንዴ አላልታችሁ አንብቡት። ለእያንዳንዱ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

3. ልጃችሁ በዚህ ወር ስንት ቀን ከትምህርት ቤት ቀረ? ቁጥሩን በገዛ እጃችሁ በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፉት።