የፍቅር አጋር ምርጫ፦ በሚነገር ፍላጎትና በተግባራዊ ውሳኔ መካከል

የፍቅር አጋር ምርጫን የሚመለከቱ የሥነ ልቦና ጥናቶች ብዙ ጊዜ የሚመሠረቱት ሰዎች ስለ ፍላጎታቸው በሚሰጡት ቃል ላይ ነው። ዴቪድ በስ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው፣ 37 ባህሎችን ባካተተው ጥናት፣ ሴቶች ለገቢ አቅም፣ ወንዶች ለመልክና ለወጣትነት በአንጻራዊነት የበለጠ ክብደት እንደሚሰጡ አመልክቷል፤ ልዩነቱንም በዝግመተ ለውጥ አብራርቷል። ይሁን እንጂ በዚያው ጥናት ሁለቱም ጾታዎች ደግነትንና አስተዋይነትን ከገቢና ከመልክ አስቀድመዋል።

በተግባር የታየው ምርጫ ግን ከቃል ይለያል። ኤሌን ዎልስተርና ባልደረቦቿ በ1966 ባሳተሙት ጥናት፣ ለዳንስ ምሽት በዘፈቀደ የተጣመሩ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ዳግም የመገናኘት ፍላጎት በዋናነት የወሰነው የአጋሩ መልክ ነበር። ኢስትዊክና ፊንክል በ2008 ባቀረቡት የአጭር ጊዜ ትውውቅ ጥናትም፣ ተሳታፊዎች አስቀድመው የገለጹት መስፈርት ፊት ለፊት ሲገናኙ ማን እንደሚማርካቸው ለመተንበይ አላስቻለም።

ስለዚህ መጠይቅ በዋናነት የሚለካው ሰው ስለ ተስማሚ አጋር ያለውን አስተሳሰብ እንጂ ምርጫውን አይደለም። ቤተሰብና ሽማግሌ በጋብቻ ውሳኔ በሚሳተፉባቸው የኢትዮጵያ ማኅበረሰቦች ደግሞ ተመራማሪው ከሁሉ አስቀድሞ መራጩ ማን እንደሆነ መለየት ይኖርበታል።