ልባጥና ጠጣር ወርቅ፦ በፒያሳ ወርቅ ቤቶች ሥራ የብረታ ብረት ሥርጸት

በአራዳ፣ ፒያሳ ወርቅ ቤቶች ደጃፍ የሚነሣው የገዢ ጥያቄ ዕቃው እስከ ውስጡ ወርቅ ነው ወይስ ልባጥ የሚል ነው። ለጥያቄው መልስ የሚሰጠው ሥርጸት ወይም ዲፊውዥን የሚባለው ሂደት ነው፤ ይኸውም የአንዱ ብረት አቶሞች ጠጣር እንደሆነ ወደ ሌላው ብረት ውስጥ መዝለቃቸው ነው።

የሀገራችን አንጥረኞች ለረጅም ዘመን ጌጥ የሠሩት ጠገራ ብርን እያቀለጡ ነው። የ1780 እ.ኤ.አ. ምልክት ያለበት ይህ ሳንቲም 28.07 ግራም ይመዝናል፤ ከዚህም 83.3 በመቶው ብር፣ ቀሪው በአብዛኛው መዳብ ነው። ንጹሕ ብር በ962 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀልጥ፣ ብርና መዳብ የተቀላቀሉበት ይህ ውህድ ግን ከ779 ዲግሪ ጀምሮ መቅለጥ ይጀምራል። መዳቡ ሲግል ኦክሳይድ ይሆናል፤ ይህ ሽፋን የሁለት ገጾችን አቶሞች ስለሚለያይ መጋጠምን ያግዳል። የብር ኦክሳይድ በአንጻሩ በመጠነኛ ሙቀት ይፈርሳል። አንጥረኛው ከማጋጠም በፊት ገጹን መጥረጉና ቦራክስ መቀባቱ ስለዚህ ነው። በሌላ በኩል መዳቡ ኦክሳይድ ሆኖ በአሲድ ሲታጠብ፣ ምንም ሳይለበጥ በብር የበለጸገ ነጭ ገጽ ይቀራል፤ ዕቃውም ከውስጡ ይልቅ የጠራ መስሎ ይታያል።

ወርቅና ብር በማንኛውም መጠን ይሟሟሉ፤ የክሪስታል አወቃቀራቸው አንድ ዓይነት ሲሆን የአቶሞቻቸው ርቀትም ተቀራራቢ ነው። ስለሆነም በመካከላቸው ተሰባሪ ውህድ አይፈጠርም። በጠጣርነት ማጋጠም ብዙውን ጊዜ ከመቅለጫ ነጥብ በኬልቪን ከ0.5 እስከ 0.8 እጥፍ ባለው ሙቀት ይከናወናል፤ ለብር ይህ ከ344 እስከ 715 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። የመግቢያ ርቀት በግምት የሥርጸት መጠን መለኪያው በጊዜ ተባዝቶ ከሚገኘው ዋጋ ካሬ ሥር ጋር እኩል ነው። በዚህ ስሌት በ700 ዲግሪ በ10 ደቂቃ ብር ወደ ወርቅ የሚዘልቀው 2 ማይክሮሜትር ያህል ነው። በ350 ዲግሪ ግን በዚያው ጊዜ ከጥቂት ናኖሜትር አይበልጥም።

ይህ ልዩነት በባዚቃ (ሜርኩሪ) የሚደረገውን ጥንታዊ የወርቅ ቅብ ለመረዳት ይጠቅማል። ወርቁ በባዚቃ ተለውሶ ይቀባል፤ ባዚቃው በ357 ዲግሪ ፈልቶ ሲተን ወርቁ ይቀራል። በዚህ ሙቀት ጠጣር ሥርጸት ብቻውን በቂ አይደለምና፣ መጣበቁ በዋናነት ባዚቃው በፈሳሽነቱ የብሩን ገጽ በማሟሟቱ የሚመጣ ነው። ትነቱ ነርቭን ይመርዛል፤ ጠባብና አየር በማይዘዋወርበት ክፍል መሥራት ለሠራተኛውም ለጎረቤቱም አደጋ ነው።

በኤሌክትሪክ የሚሠራው ልባጥ ብዙ ጊዜ ከአንድ ማይክሮሜትር ያነሰ ነው። ከሥሩ መዳብ ወይም ናስ ካለ፣ በቀጭኑ የወርቅ ሽፋን ውስጥ ባሉ ቅንጣት ወሰኖች በኩል መዳቡ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣና ገጹን ያጠቁረዋል። ለማገድ የኒኬል ንብርብር በመካከል ይደረጋል። (ወርቁ ሲያልቅ ኒኬሉ ቆዳ ስለሚነካ፣ አለርጂ ያለበት ሰው ማሳከክ ይሰማዋል።)

በመፈተሻ ድንጋይ ላይ ዕቃን ማሸት የሚያሳየው የላይኛውን ገጽ ብቻ ነው። የኤክስሬይ ፍሎረሰንስ መሣሪያም በወርቅ ውስጥ የሚያየው ከአሥር ማይክሮሜትር ገደማ ስለማይዘልቅ ወፍራም ልባጥ ሊያታልለው ይችላል። የተሻለው ርካሽ መንገድ በውኃ ውስጥ መመዘን ነው፦ የንጹሕ ወርቅ ጥግግት 19.3፣ የብር 10.5፣ የመዳብ 8.9 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር በመሆኑ ልባጡ ስውር አይሆንም። ጥግግቱ 19.25 የሆነው ተንግስተን ብቻ ይህን ፈተና ያልፋል፤ ለእርሱ ድምፅን ወይም የኤሌክትሪክ አስተላላፊነትን መለካት ያስፈልጋል።